ከጠጠሩ ሥር የሚሄድ ውሃ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ከሥራ ዕቃዎቹ ሁሉ እኔን ያስደንቀኝ የነበረው አሥር ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚያሳይ ቀጭን ጎማ ነው። ውሃ ይሞላበታል። አንዱን ጫፍ እኔ ግድግዳ ላይ ደግፌ እይዛለሁ፤ ሌላውን እሱ ይዞ ማዶ ይሻገራል። ውሃው ጎማው ውስጥ ላይ ታች ሲዋልል ቆይቶ ይረጋል። «አንተ ልጅ፣ አትነቃነቅ!» ይለኛል፣ ገና ሳልነቃነቅ። ከረጋ በኋላ በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ይሰመራል። በመካከላችን የአፈር ክምርም ይኑር ጉድጓድ፣ የኔና የሱ መስመር ከፍታው እኩል ነው። ጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ግን ልኩ ይሳሳታል። አባቴ ያቺን አረፋ አባርሮ እስኪያስወጣ ድረስ ሲሚንቶው ተቦክቶ ቢጠብቅም ግድ አልነበረውም።

ይህን ጎማ ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ስምጥ ሸለቆ ወርጄ ነበር። ባደርኩበት ግቢ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ጓሮ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ወሩ የካቲት ነው፤ ዙሪያው ግራርና አቧራ ብቻ። እዚያች ቦታ ላይ ግን ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፣ ካናው ቀይና ቢጫ አብቧል፣ ጠርዝ ጠርዙን ቄጤማ ይዞታል። የግቢውን አትክልተኛ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፣ «ጋሼ፣ በዚህ ድርቅ ለዚህ ሁሉ ውሃ ከየት ያመጣሉ?» አልኳቸው።

«አንተው አይደለህ እንዴ ጠዋት ያመጣኸው» አሉኝ።

የታጠብኩበትን፣ ከዚያም በፊት ሽንት ቤት ገብቼ የለቀቅሁትን ውሃ ማለታቸው ነበር። ድንጋጤዬን አይተው ሳቁና ጎንበስ ብለው ጠጠሩን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ላዩ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ያጋለው። ጣታቸውን ሰደዱት። እስከ ሁለተኛው አንጓ ምንም የለም፤ ከዚያ በታች ርጥብ። ጣታቸውን አውጥተው ሲያሳዩኝ ልክ በቀለበት የተከበበ ያህል የርጥበቱ መስመር አንጓው ላይ ይታያል። አፍንጫዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። የመጣልኝ ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ ነው፣ እሱም ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ።

መሐንዲሶች ይህን ሰው ሠራሽ ረግረግ ይሉታል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ረግረግ ሲባል እግር የሚውጥ ጭቃ፣ እንቁራሪት፣ የወባ ትንኝ ነው የሚታሰበን። እዚህ ግን ላዩ ላይ ሕፃን ልጅ በነጠላ ጫማ ቢሮጥ ጫማው አይረጥብም። ትንኝ እንቁላሏን የምትጥልበት ውሃ ትፈልጋለች፤ ውሃው ግን ከጠጠሩ በታች ነው፣ አታገኘውም። የሥራው ጥበብ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ውሃው ሳይታይ መሄድ አለበት፤ በጣም ዝቅ ካለ ሥር አያገኘውም፣ ትንሽ ከፍ ካለ ደግሞ ከነሽታው ላይ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ከጣት ቁመት አይበልጥም። ይህን የጣት ቁመት በመላው የጠጠር መደብ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ ፓምፕና ያለ መብራት መጠበቅ ነው ሙያው።

ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም ከምናውቀው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ ቅባቱና ቀላሉ ነገር ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ላይ ደፍረስ ያለ ውሃ ይቀራል። ጥሩ ባለሙያ መውጫው ላይ በቲ ቅርጽ የተገጠመ ቱቦ አድርጎ አፉን ወደዚህ መሀል ያወርደዋል፤ ከላዩም ከታቹም እንዳይቀዳ። ከዓመታት በፊት ተከራይቼ በኖርኩበት አንድ ግቢ ይህች ቲ አልነበረችም። ቅባቱ እንዳለ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ እየሄደ አፈሩን ደፈነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉድጓዱ ሞልቶ በር ድረስ ይመጣል፣ የመምጠጫ መኪና እስኪገኝ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የአንድ ቱቦ ነገር ነበር።

ከታንኩ ወጥቶ ወደ መደቡ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ውሃው በአንድ ቦታ ከገባ በአንድ መስመር ብቻ ሄዶ ይወጣል፤ የቀረው ጠጠር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በመደቡ ስፋት ልክ ይጋደማል፣ ዙሪያውም ቡጢ በሚያህል ድንጋይ ይሞላል፣ ውሃው ተበትኖ እንዲጀምር። መውጫው ላይም እንዲሁ። መካከሉ ግን ጠጠር ነው፣ አንድና ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ለኮንክሪት እንደምንጠቀምበት ያለ። ልዩነቱ ይህኛው መታጠቡ ነው። ከወፍጮ የመጣ ጠጠር የድንጋይ ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ ያ ዱቄት ካልታጠበ መደቡ ወለል ላይ ወርዶ እንደ ሊጥ ይጋገራል። ጋሼ የነገሩኝ፣ እሳቸው በቀን ሠራተኛነት እዚያው ሥራ ላይ ሳሉ፣ ጠጠሩን በወንፊት ላይ አድርገው የሚወርደው ውሃ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ሳምንት ሙሉ እንዳጠቡት ነው። «እንደ ጤፍ ነበር የምናጥበው» አሉኝ። ጤፍ እንደማይታጠብ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ ድካሙን ለመግለጽ ነው።

ወለሉ ወደ መውጫው ያዘነብላል፣ በየሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር። ላዩ ግን ልክ እንደ ጠረጴዛ ነው። ይህን ለመሥራት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ታቹ ያዘነበለ ላዩ የተስተካከለ ነገር መሥራት ዓይንን ያታልላል። ዓይን ወለሉን ተከትሎ ላዩንም ማዘንበል ይወዳል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳት በአንዱ በኩል ውሃው ላይ ይወጣል፣ በሌላው በኩል አትክልቱ ይጠማል። ከወለሉ በላይ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ይነጠፋል፣ ከሥሩ አሸዋ ተደርጎለት፤ አንድ ሾል ያለ ድንጋይ ከበሳው የተደከመበት ሁሉ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፣ ማንም ሳያየው። አዋቂ ሠራተኞች ላስቲኩ ላይ በጫማ አይወጡም።

መጨረሻው ደግሞ ትንሿና እኔን የገዛችኝ ነገር ናት። ከመደቡ ግርጌ ክዳን ያላት የሲሚንቶ ሳጥን አለች። ጋሼ ክዳኑን አነሱት። ከመደቡ ወለል የመጣው ቱቦ በሳጥኗ ግድግዳ በኩል ይወጣና በጎሚቶ ወደ ላይ ይታጠፋል። ጎሚቶው በሙጫ አልተጣበቀም፣ የጎማ ቀለበት ነው የያዘው፤ ስለዚህ እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል። የቆመው ቱቦ አፍ የት ድረስ ከፍ እንዳለ፣ መደቡ ውስጥ ያለው ውሃም እዚያው ድረስ ነው። ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት አፉ ዝቅ ይላል፣ ውሃው በዚያው መጠን ይፈሳል፣ ሃያ ሜትር ርቆ ያለው የመግቢያው ውሃም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቫልቭ የለም፣ ሞተር የለም፣ የሚበላሽ ነገር የለም። የአባቴ ጎማ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሳጥኗ ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ በጠጠር የተሞላው መደብ።

ውሃው ጠጠሩ መሀል ምን እንደሚሆን ደግሞ ጋሼ አንድ ደንገል ነቅለው አሳዩኝ። ከሥሩ ጋር የወጣው ጠጠር ጥቁር ነው፣ ከሰል የነካው ይመስላል፤ ሲይዙት ሙልጭልጭ ይላል። ያ ሙልጭልጭ ስስ ሽፋን ነው ሠራተኛው። እያንዳንዷን ጠጠር ባክቴሪያ አልብሷታል፤ ፍሳሹ በአጠገቧ ቀስ ብሎ ሲያልፍ የሚበላውን እያነሳ ይበላል። ጥቁረቱ አየር የሌለበት ሥፍራ ምልክት ነው። ሥሮቹ ግን ጥቁር አይደሉም። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ዙሪያቸውን ቀይ ዳማ፣ እንደ ዛገ ሚስማር ሆነዋል። ዝገት ነው በርግጥም። ሥሩ ኦክስጅን ስለሚያሾልክ በአጠገቡ ያለው ብረት ይዝጋል። ግንዱን በቢላዋ ቆረጡትና ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው። አየሩ ከቅጠሉ ተነስቶ በዚያ በኩል እስከ ሥር ይወርዳል። የጣናን የደንገል ታንኳ ከነሰውና ከነማገዶው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው። ጣና ላይ ሰው ይሸከማል፣ እዚህ ጠጠር ሥር ባክቴሪያ ያስተነፍሳል።

ይህን ነገር በሳይንስ ዓይን መጀመሪያ ያየችው ኬተ ዛይድል የምትባል ጀርመናዊት ናት፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ በፕሎን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም። የሐይቅ ዳር ተክል ቆሻሻ ውሃን ሊያጠራ ይችላል ስትል የዘመኑ የፍሳሽ መሐንዲሶች አልተቀበሏትም፤ ለእነሱ ማጣራት ማለት ኮንክሪትና ሞተር ነበር። እሷ የተከለችው በጠጠር ላይ ነው። ቀጥሎ የመጣው ራይንሆልድ ኪኩት ደግሞ ጠጠሩን ትቶ አፈር ይሁን አለ። ክርክሩ ደስ የሚል ነበር፦ ሥሩ አፈሩን እየሰነጠቀ መንገድ ይከፍታል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አፈሩ እንደ ጠጠር ውሃ ያሳልፋል። በ1974 በኦትፍሬዘን የተሠራው ሥራ ስሙን አስጠራው፣ ብዙዎችም ተከተሉት። ሥሩ ግን ቃሉን አልጠበቀም። በየቦታው አፈሩ ውሃ አላሳልፍ አለ፣ ፍሳሹም በላዩ ላይ መሄድ ጀመረ። እንግሊዞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀርመን ድረስ ሄደው አይተው ሲመለሱ ሐሳቡን ወሰዱ፣ አፈሩን ግን ተዉትና ወደ ጠጠር ዞሩ። በዚህ ክርክር እኔ ያለማመንታት ከዛይድል ወገን ነኝ። ተክል መንገድ ይከፍትልኛል ብሎ መንገድ ሳይሠሩ መጠበቅ፣ ተከራይ ያስተካክለዋል ብሎ ቤት ሳይጨርሱ እንደ ማከራየት ነው።

ከዚህ የጠጠር መደብ ወደ በረሃ የሚወስደው መንገድ ያለፈው ባልተጠበቀ በር ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1991 ስምንት ሰዎች አሪዞና በረሃ ውስጥ ባለ፣ ባዮስፌር 2 በተባለ የመስታወት ቤት ገብተው በሩ ታሸገባቸው፤ የወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አየሩም፣ ምግቡም፣ ውሃውም እዚያው እየተሽከረከረ መኖር ነበረበት። ሽንት ቤታቸው ወዴት ይሂድ? የትም መሄጃ የለውም። የረግረግ ተክል በተተከለባቸው ገንዳዎች አለፈና ተመልሶ ወደ እርሻቸው ገባ፤ የታጨደው ተክልም ለእንስሶቻቸው መኖ ሆነ። ከስምንቱ አንዱ ማርክ ኔልሰን ይህን ሥራ የያዘው ነበር። ከመስታወት ቤቱ ከወጣ በኋላ ነገሩን ይዞት ወደ ሜዳ ወጣ፤ በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ በአኩማል በ1996 ለ40 ሰው የሚሆኑ ሁለት መደቦች ተሠሩ፣ ጠጠሩ የዚያው አገር የኖራ ድንጋይ ሆኖ። የፍሳሽ ውሃ አትክልት ቦታ ብለው ሰየሙት። ስሙ ላይ ያለው ድፍረት ደስ ይለኛል። ማጣሪያ ጣቢያ ካሉት አጥር ይታጠርለታል፣ ሰው ይርቀዋል፤ አትክልት ቦታ ካሉት አበባ ይተከልበታል፣ አበባውን የሚያይ ሰውም ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሰሃራ በረሃ፣ ወደ አልጄሪያ። ተማሲን ከቱጉርት ብዙ የማይርቅ፣ በዋዲ ሪግ ሸለቆ ያለ የሰሃራ ከተማ ነው። አሮጌው ክፍል፣ ክሳር የሚሉት፣ በጭቃ ጡብና በተምር ግንድ የተሠራ ነው። በዚህ አካባቢ የበረሃው ነገር ከምንጠብቀው ተገልብጦ ይገኛል። ተምሩን የሚገድለው ጥማት ብቻ አይደለም፤ ተምሩ ሰምጦም ይሞታል።

እንዲህ ነው የሆነው። ከአሸዋው በታች በጣም ጥልቅ የሆነ ጥንታዊ ውሃ አለ። ፈረንሳዮች በ1856 በዚሁ ሸለቆ፣ ታመርና በምትባል ቦታ፣ በማሽን ቆፍረው ውሃውን በራሱ ግፊት እየፈነዳ እንዲወጣ አደረጉት። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ እየወረዱ ያወጡ ጀመር፤ ያኛው ውሃ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ማቀዝቀዣ ሳይሠራለት ለአትክልት አይሆንም። ሕዝቡ በዛ፣ ቧንቧ በየቤቱ ገባ። ከመሬት ሆድ የወጣው ውሃ ግን የሚሄድበት አልተዘጋጀለትም። አገሩ ሜዳ ነው፣ ተዳፋት የለውም፤ የሚፈስበት ሹት መርዋን የተባለ የጨው ሐይቅ ራሱ ከባሕር ጠለል በታች ነው፣ ወደዚያ የሚወስደው ቦይም ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ስለዚህ የመስኖው ትርፍና የሽንት ቤቱ ውሃ እዚያው ከቤቶቹና ከተምሩ እግር ሥር ተጠራቀመ። ላይኛው ውሃ ከፍ እያለ መጣ። ፀሐይዋ ከላይ ስትመጥጠው ጨዉ ብቻ ቀረ፣ መሬቱ ነጭ ቅርፊት አወጣ። የተምር ሥር አየር ይፈልጋል፤ በጨው ውሃ ሲከበብ ይታፈናል። በአቅራቢያው፣ ሱፍ በሚባለው አካባቢ ደግሞ ባሰ። እዚያ ገበሬዎች ለዘመናት ሰፋፊ ጉድጓድ እየቆፈሩ ተምራቸውን ከውሃው አጠገብ ይተክሉ ነበር፤ ጉት ይሉታል። የአያቶቻቸው ጥበብ ውሃን ወርዶ ማግኘት ነበር። ውሃው ወደ እነሱ ሲወጣ ጉቶቹ ኩሬ ሆኑ፣ ተምሩም እንደቆመ ሞተ። በረሃማነት ስንል የሚታሰበን የሚገፋ አሸዋ ነው። በፍሳሽ የሚመጣ በረሃ መኖሩን እኔ ከዚህ ነው የተማርኩት።

በተማሲን አሮጌ ክሳር አጠገብ በ2007 እንዲህ ያለ የጠጠር መደብ ተሠራ፤ ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር ነው፤ በቀን 15 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል፣ ይኸውም ለ150 ሰው ነው የታሰበው። ከተተከሉት ውስጥ ካና፣ ፊላና ደንገል ይገኙባቸዋል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የጣና ደንገልና የአዲስ አበባ ግቢዎች ካና ሰሃራ መሀል ተገናኝተው የሽንት ቤት ውሃ ሲጠጡ!

ቁጥሩን ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ የባለሙያው እጅ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ባልዲ ውሰዱ፣ 20 ሊትር የሚይዝ። እስከ አፉ ጠጠር ሙሉበት። አሁን ውሃ ጨምሩበት፤ 7 ወይም 8 ሊትር ይጠጣል፣ ከዚያ በላይ ይፈሳል። የጠጠር መካከል ባዶው ይህን ያህል ነው። 400 ካሬ ሜትር መደብ ውስጥ ውሃው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በጠጠሮቹ መካከል የሚገኘው ውሃ 90 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በቀን 15 ከገባ፣ ዛሬ የገባው ውሃ የሚወጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሰኞ የታጠበ ልብስ ውሃ እሑድ ይወጣል። በእነዚህ ስድስት ቀናት ውስጥ ብስባሹ ይበላል፣ ዝቃጩ ይጣራል፣ የወስፋት እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ ጠጠር መሀል ተጠምዶ ይቀራል። ለመስኖ የሚሆን የፍሳሽ ውሃ በሊትር ከአንድ የወስፋት እንቁላል በላይ እንዳይኖርበት የዓለም ጤና ድርጅት ልክ አስቀምጧል፤ በልኩ የተሠራ የጠጠር መደብ ለዚህ ጥሩ ወንፊት ነው። በዓይን የማይታዩት ጀርሞች ግን ብዙዎቹ ቢሞቱም ሁሉም አያልቁም። የሚወጣው ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የሚጠጣ አይደለም፣ ሰላጣ ላይ የሚረጭም አይደለም። ይህን የማይነግር ሰው ሥራውን እያወደሰ ሳይሆን እየሸጠ ነው።

መሬቱን የሚያድነው ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። የሚወጣው ውሃ መሬት ላይ አይለቀቅም። ቀዳዳ ባላቸው የተቀበሩ ቱቦዎች ወደ ዛፍ ሥር ይመራል። ዛፉ ውሃ ብቻ አያገኝም፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ የተወሰነው አብሮት አለ፣ ማዳበሪያ ሳይገዛ። ከመደቡ የታጨደው ደንገልና ቄጤማ ደግሞ አሸዋው ላይ ሲጣል ጥላ ይሆናል፣ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል። ለበረሃ አሸዋ የሚጎድለው ውሃ ብቻ መስሎን እንሳሳታለን። የሚጎድለው ውሃን የሚይዝ ብስባሽ ነው፣ እሱም እዚህ አለ። በግብፅ በኢስማዒሊያ አቅራቢያ ሰራፒዩም የሚባል 200 ሄክታር ገደማ የሆነ ደን አሸዋ ላይ በቅሎ ይታያል፤ የሚጠጣው የከተማውን ፍሳሽ ነው። እዚያ የሚጣራው በኩሬ እንጂ በጠጠር መደብ አይደለም፤ ኩሬ ደግሞ ይሸታል፣ ብዙ ቦታ ይወስዳል፣ ከፀሐይ ጋርም ውሃውን ይካፈላል። ዛፉ ግን ዛፍ ነው፣ ግንዱን ማቀፍ ይቻላል።

መደቡም ቢሆን ውሃ ይካፈላል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ደንገልና ሸምበቆ በበረሃ ሐምሌ ጠጪዎች ናቸው። በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ወደ አየር ቢለቁ፣ ከ400 ካሬ ሜትር 4 ሜትር ኩብ ይሄዳል፤ ከገባው ከሩብ በላይ። ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የሚወጣው ውሃ ከገባው ይልቅ ጨዋማ ነው፣ በቀዝቃዛው ወራት ትንሽ፣ በሐሩሩ ወራት በጣም። እዚያ ላይ ሎሚ የተከለ ሰው ያለቅሳል። ተምር የተከለ፣ ጨው ቻይ ስለሆነ፣ ይስቃል። ምን ይተከል የሚለውን ውሃው ራሱ ነው የሚመርጠው።

ይኸው ጥበብ ግዙፍ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ኦማን አለ። በኒምር የነዳጅ ማውጫ ከዘይቱ ጋር ከመሬት የሚወጣው ውሃ ብዛት ከዘይቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀድሞ በከባድ ፓምፕ ተመልሶ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይገፋ ነበር። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ግን ዘይቱ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ውሃ፣ በቀን ከመቶ ሺህ ሜትር ኩብ በላይ፣ በመቶዎች ሄክታር በሚቆጠር የሸምበቆ መደብ ውስጥ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲወርድ ተደርጓል። መደቦቹ እንደ እርከን አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። ስደተኛ ወፎች ከሰማይ አይተውት ይወርዳሉ። ያ ውሃ የሽንት ቤት አይደለም፣ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ የኮንሶ እርከን ሠሪ ቢያየው በአስተርጓሚ ሳይሆን በዓይኑ ይገባዋል።

ትልቁ ያስደምመኛል፤ የምወደው ግን ትንሹን ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱም በትንሹ ላይ ይታያል። የጋሼ መደብ እንከን የለሽ አልነበረም። በአንድ ጥግ በኩል ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ፣ የክረምት ጎርፍ ከሜዳው አፈር ጠርጎ ጠጠሩ ላይ አልብሶታል። እዚያች ጥግ ላይ ካናው አጭርና ቢጫ ነው፣ ሲረግጡትም ጨቅ ይላል። አንድ ረድፍ ድንጋይ ቢጨመር ኖሮ አይደርስም ነበር። ጋሼም ያውቁታል፣ ጠጠሩን በየዓመቱ ከዚያች ጥግ እያወጡ ያጥቡታል፣ ድንጋዩን ደግሞ «ዘንድሮ እጨምራለሁ» ይላሉ።

በማግስቱ ማለዳ ስወጣ ሳጥኗ ዘንድ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። ከጥጓ የነቀሉትን ተክተው ለጋ ደንገል ተክለዋል። ለጋው ሥሩን ወደ ታች እንዲሰድ ውሃውን በየጥቂት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ውሃው አጠገቡ ከሆነለት ሥሩ ሰነፍ ይሆናል። መግቢያው በኩል፣ ጠጠሩ ውስጥ ቆሞ የተቀበረ የመመልከቻ ቱቦ አለ። አንድ የሸምበቆ ዘንግ ሰጡኝና ወደዚያ ላኩኝ። ዘንጉ ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ምልክቶች አሉ፣ በሁለት ጣት ልዩነት።

ዘንጉን ቱቦው ውስጥ አስገብቼ አወጣሁት። ርጥበቱ ሦስተኛው ምልክት ላይ ነው። ማዶ፣ ከደንገሉ ወዲያ፣ ጎሚቶው ሲዞር የጎማው ቀለበት ሲጥ ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ ሳጥኗ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

ዘንጉን ጠርጌ መልሼ አስገባሁት። «ያው ነው ጋሼ፣ አልወረደም።»

«ጠጠር ውስጥ ነው የሚመጣው፣ አትቸኩል። ያዝ ብቻ፣ አትነቃነቅ።»

ፀሐይዋ ከግራሮቹ በላይ ብቅ እስክትል ድረስ ያዝኩ። ከዚያ ዘንጉን ሳወጣው ርጥበቱ ከሦስተኛው ምልክት በታች ነበር፣ በግማሽ ጣት።